የሳምንቱ ትምህርት፦ ገዢ በቀጥታ ጽፎ የሚመጣበት የድረ ገጽ ስም እንዴት ገንዘብ ያመጣል?

የዛሬው የቡናና የእህል ዋጋ ጠዋት ተለጥፏል። ይሄ ደግሞ እንደተለመደው የሳምንቱ ትምህርት ነው።

ሰሞኑን ከሁለት ዩኒየኖችና ከጥቂት ላኪዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ደርሶኛል። «የቡና ስም ያለባቸው ዶሜይኖች በጥቅል ይሸጣሉ፣ ምንም ሳትሠሩ በየወሩ ዶላር ያስገቡላችኋል እየተባልን ነው። እንግዛ ወይ?» አጭሩ መልሴ፦ ጥቅሉን አትግዙ፣ የራሳችሁን ስም ግን አጥብቃችሁ ያዙ። ምክንያቱን ከሥር ጀምሬ ላስረዳ። ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

1. ነገሩ ምንድን ነው?

ዶሜይን ማለት የድረ ገጽ ስም ነው፤ መጨረሻው ላይ ዶት ኮም፣ ዶት ኔት ወይም የእኛው ዶት ኢቲ የሚለው። ሰው ወደ አንድ ድረ ገጽ የሚደርሰው በሦስት መንገድ ነው። አንዱ ጉግል ላይ ፈልጎ ነው። ሁለተኛው ሌላ ቦታ ያገኘውን ሊንክ ተጭኖ ነው። ሦስተኛው ስሙን ራሱ አድራሻ መጻፊያው ላይ ጽፎ ነው። ይህ ሦስተኛው ታይፕ-ኢን ትራፊክ ይባላል።

በእኛ ገበያ ቋንቋ፣ ጉግል ደላላ ነው። ገዢና ሻጭን ያገናኛል፣ ድርሻውን ይወስዳል። በቀጥታ ጽፎ የሚመጣው ግን ማንም ሳያገናኘው መጋዘናችሁ በር ላይ የቆመ ገዢ ነው። ደላላ ሆኜ ይህን ማለቴ የራሴን እንጀራ የሚነካ ይመስላል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

2. ሰዎች ገንዘብ ያገኙበት እንዴት ነው?

እስከ 1995 ድረስ ዶት ኮም ስም ማስመዝገብ በነፃ ነበር። በዚያ ዓመት መስከረም ወር ላይ ለሁለት ዓመት 100 ዶላር መከፈል ተጀመረ። ቀድመው የነቁ ሰዎች ሁሉም የሚያውቃቸውን ተራ ቃላት ያዙ። ለምሳሌ ፒዛ ዶት ኮም በ1994 ተመዝግቦ በ2008 በ2.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል።

ግን ሁሉም ለመሸጥ አልጠበቀም። በ1998 ጎቱ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ማስታወቂያን በጨረታ፣ በአንድ ክሊክ ይህን ያህል እያለ መሸጥ ጀመረ። ያኔ ስም የያዙ ሰዎች አንድ ነገር ገባቸው። ባዶ ገጽ ላይ ማስታወቂያ ደርድረህ ብትተወው፣ ስሙን ጽፎ የመጣ ሰው አንዱን ይጫናል። አስተዋዋቂው ይከፍላል፤ የማስታወቂያ ኩባንያው ድርሻውን ይቆርጣል፣ ገጹን የሚያስተዳድረው ድርጅት ደግሞ የራሱን ይቆርጣል፣ የተረፈው ለስሙ ባለቤት ይደርሳል። ይህ ፓርኪንግ ይባላል። ቡና ከአርሶ አደሩ እስከ ላኪ ሲደርስ በየመሃሉ የሚቆረጠውን ለምታውቁት ለእናንተ ይህ አዲስ አይደለም።

በትክክለኛው ጊዜ ይህ ትልቅ ሥራ ነበር። በ2004 መጨረሻ ማርቼክስ የተባለ የሲያትል ኩባንያ ከ100,000 በላይ ስሞች የያዘ አንድ ድርጅትን ወደ 164 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ለመግዛት ተስማማ። የተገዛው ዕቃ፣ መጋዘን ወይም ፋብሪካ አይደለም። የተገዛው የሰው የመጻፍ ልማድ ነው።

የፊደል ስህተትም ይሸጥ ነበር። ዶት ኮም ሊጽፍ ብሎ ኦ የምትለዋን ፊደል የዘለለ ሰው ዶት ሲኤም ይጽፋል፤ ዶት ሲኤም ደግሞ የካሜሩን አገር መለያ ነው። በ2006 በዚያ መለያ የተጻፈ፣ ባለቤት የሌለው ስም ሁሉ ወደ ማስታወቂያ ገጽ እንዲሄድ ተደርጎ ነበር። የአንድ ፊደል ግድፈት እንኳን ገንዘብ ነበረች ማለት ነው።

3. ሂሳቡን እንሥራ

ቁጥሮቹ ለማስረጃ የወሰድኳቸው ምሳሌዎች ናቸው፤ አሠራሩን ያዙት።

ስም ሀ፦ በቀን 20 ሰው ጽፎ ይመጣል እንበል። በዓመት 7,300 ሰው ነው። ከመቶ 20ው ማስታወቂያ ቢጫን 1,460 ክሊክ ይሆናል። ለባለቤቱ በአንድ ክሊክ 5 ሳንቲም ዶላር ቢደርሰው 73 ዶላር ነው። የዓመት ማደሻ 12 ዶላር ብንል 61 ዶላር ይተርፋል።

ስም ለ፦ በሦስት ቀን አንድ ሰው ይመጣል እንበል። በዓመት 120 ሰው፣ 24 ክሊክ፣ 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም። ማደሻው ያው 12 ዶላር ነው። 10 ዶላር ከ80 ሳንቲም ኪሳራ።

አሁን ስም ለ ዓይነት 50 ስሞች በጥቅል ቢሸጡላችሁ፣ የግዢውን ዋጋ ትተን በየዓመቱ 540 ዶላር ትከስራላችሁ ማለት ነው። ማደሻው ደግሞ በዶላር ነው፣ እየጨመረም ይሄዳል። የዶት ኮም የጅምላ ዋጋ ብቻውን በ2024 ወደ 10.26 ዶላር ከፍ ብሏል። የምንዛሪውን ነገር ለእናንተ አልነግርም።

ሚስጥሩ ያለው ስሙ ማማሩ ላይ አይደለም። ሰው ማንም ሳይነግረው ከራሱ ጭንቅላት አውጥቶ ይጽፈዋል ወይ? ጥያቄው እሱ ብቻ ነው። አራት ቃል ተቀጣጥሎ የተሠራ፣ «ምርጥ የኢትዮጵያ ቡና በኦንላይን» ዓይነት ስም ሻጩ ወረቀት ላይ ያምራል፤ አድራሻ መጻፊያ ላይ ግን ማን ይጽፈዋል?

4. ገበያው ለምን ቀዘቀዘ?

ዋናው ምክንያት ብራውዘሩ ነው። በመስከረም 2008 ጉግል ክሮምን ሲያወጣ አድራሻ መጻፊያውንና መፈለጊያውን አንድ ሳጥን አደረጋቸው። ድሮ «ቡና ዶት ኮም» ብሎ የሚሞክር ሰው አሁን «ቡና» ብሎ ይጽፍና ጉግል ውጤት ይደረድርለታል። ገዢው ተመልሶ በደላላው እጅ ገባ ማለት ነው። ስልክ ላይ ደግሞ ሰው አፕ ይከፍታል እንጂ አድራሻ አይጽፍም።

ሁለተኛው የማስታወቂያ ከፋዩ ነው። ጉግል ለትናንሽ የስም ባለቤቶች በ2008 በሰፊው የከፈተውን የፓርኪንግ ማስታወቂያ አገልግሎት በ2012 ዘግቶታል። አስተዋዋቂዎችም ባዶ ገጽ ላይ ለሚመጣ ክሊክ እንደ ድሮው መክፈል አይፈልጉም። ዛሬም የሚያተርፉ ስሞች አሉ፤ ግን ከሃያ ዓመት በፊት የተያዙ አጫጭር ቃላት ናቸው እንጂ አሁን በጥቅል የሚዞሩት አይደሉም።

5. የቡና ስም ላይ ያለው ሌላ አደጋ

ጥቅሉ ውስጥ ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞ፣ ሐረር የሚሉ ስሞች እንዳሉበት ሰምቻለሁ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ኢትዮጵያ በ2005 እነዚህን ሦስት ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ አመልክታ፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃውሞ፣ ብዙ ክርክር ተደርጎበት፣ በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ የተደረሰበት ጉዳይ ነው። ስሙ ባለቤት አለው።

የሌላን ሰው የንግድ ምልክት ዶሜይን አድርጎ ማስታወቂያ መደርደር ከ1999 ጀምሮ ዓለም አቀፍ የክርክር ሥርዓት አለው። ስሙ ከምልክቱ ጋር ከተመሳሰለ፣ ያዡ ሕጋዊ ጥቅም ከሌለው፣ በክፉ ልቦና ካስመዘገበና ከተጠቀመበት ስሙ ይወሰድበታል። በአሜሪካ ሕግ ደግሞ በአንድ ስም ከ1,000 እስከ 100,000 ዶላር ካሳ ሊፈረድ ይችላል። ገንዘብ ከፍላችሁ ክስ እንዳትገዙ።

6. እናንተ ያላችሁ ታይፕ-ኢን ትራፊክ

ከዚህ ትምህርት አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። ላኪዎችና ዩኒየኖች፣ በቀጥታ ጽፎ የሚመጣ ሰው አሁንም አላችሁ። ከየት መጣ? ከጆንያው ነው። 60 ኪሎ የኤክስፖርት ጆንያ ላይ የድረ ገጻችሁ ስም ታትሟል። በኤግዚቢሽን ያደላችሁት ቢዝነስ ካርድ ላይ አለ፣ የናሙና ከረጢቱ ላይም አለ። ትሪየስተ ወይም ቶኪዮ ያለ ቆዪ ጆንያውን አይቶ ስማችሁን ራሱ ይጽፋል። ቡናውን ቀምሶ የመጣ ገዢ ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ ጎብኚ የለም።

ታዲያ ማደሻው ሲያልፍ ምን ይሆናል? የዶት ኮም ስም ጊዜው ካለፈ በኋላ መዝጋቢው እስከ 45 ቀን ሊታገስ ይችላል። ከተሰረዘ ደግሞ 30 ቀን ከቅጣት ጋር የማስመለሻ ጊዜ አለው፤ ከዚያ 5 ቀን ቆይቶ ለማንም ክፍት ይሆናል። ግን በዚህ አትተማመኑ፤ ብዙ መዝጋቢዎች ይህ ሁሉ ሳይደርስ ስሙን በጨረታ ያወጡታል። ገዢዎቹ እነማን ናቸው? እነዚያው የታይፕ-ኢን ነጋዴዎች። ሰው የሚጽፈው አሮጌ ስም ለእነሱ የተዘጋጀ ገበያ ነው።

የማውቀው አንድ ላኪ ድርጅት ላይ ይህ ደርሷል። ስሙን ያስመዘገበላቸው ኮምፒዩተር የሚሠራ ልጅ ነበር፣ በራሱ ኢሜይል። ልጁ ሥራ ለቀቀ፤ የማደሻ ማስጠንቀቂያው ማንም በማያየው ሳጥን ውስጥ ሲጠራቀም ከረመ። አንድ ቀን ጀርመን ያለ ደንበኛቸው ደውሎ «ድረ ገጻችሁ ላይ የሌላ አገር ቡና ማስታወቂያ አየሁ፣ ሥራ አቆማችሁ እንዴ?» አላቸው። ጆንያው ግን አሁንም ያንን አድራሻ እንደታተመበት ይጓዛል።

የባሰው ኢሜይሉ ነው። የሥራ ኢሜይላችሁ በዚያው ስም ከሆነ፣ አዲሱ ባለቤት ወደ እናንተ የሚላከውን መልእክት ሁሉ መቀበል ይችላል፦ የውል ድርድር፣ የናሙና ማረጋገጫ፣ የባንክ ሰነድ። በዚያ ስም ለገዢያችሁ «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» ብሎ መጻፍም ይችላል። አንድ ኮንቴይነር ቡና ስንት እንደሚያወጣ ታውቃላችሁ፤ የሚጠፋው የ12 ዶላር ስም አይደለም።

7. ነገ ጠዋት የሚሠራ

አንደኛ፣ ዶሜይኑ በማን ስም እንደተመዘገበ አጣሩ። በድርጅቱ ወይም በዩኒየኑ ስም ይሁን። ማስጠንቀቂያ የሚመጣበት ኢሜይል የአንድ ሠራተኛ የግል አይሁን፤ ከዶሜይኑ ውጭ የሆነና ቢያንስ ሁለት ሰው የሚከፍተው ይሁን።

ሁለተኛ፣ አስቀድማችሁ አድሱ። ዶት ኮም እስከ 10 ዓመት ድረስ በአንዴ ይታደሳል። በየዓመቱ ዶላርና ካርድ ከመፈለግ ባገኛችሁ ጊዜ የብዙ ዓመት ክፈሉ።

ሦስተኛ፣ የራሳችሁን ስም ሁለትና ሦስት አጻጻፍ ያዙ። የእኛ ስሞች በላቲን ፊደል ሲጻፉ ሰው ይለያያል፤ ይርጋጨፌን አንዱ በአንድ ኤፍ ሌላው በሁለት ይጽፈዋል፣ ሐረርን በአንድ አር ወይም በሁለት። የድርጅታችሁ ስምም እንዲሁ ነው። ገዢዎቻችሁ በኢሜይል እንዴት እንደሚጽፉት እዩና ያንን አስመዝግባችሁ ወደ ዋናው ድረ ገጽ አዙሩት። ከሁለትና ሦስት በላይ አያስፈልግም።

አራተኛ፣ ከገዢ ጋር ስትዋዋሉ የባንክ ሒሳብ ለውጥ በኢሜይል ብቻ እንደማይቀበል ውሉ ላይ አስገቡ። በሚታወቅ ስልክ ይረጋገጥ።

አምስተኛ፣ ስማችሁን ሌላ ይዞ ማስታወቂያ ደርድሮበት ከሆነ፣ የንግድ ምልክታችሁ መመዝገቡን አይታችሁ ጠበቃ አማክሩ። ጄኔቫ ያለው የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት ክርክሩን በአንድ ዳኛ ለማየት እስከ 5 ስም 1,500 ዶላር ያስከፍላል። ከማደሻው ጋር አስተያዩት።

ስድስተኛ፣ ይህን ሁሉ አንብባችሁም ስም መግዛት ካማራችሁ፣ ቡና ሳትቀምሱ እንደማትገዙ ስምንም ሳትቀምሱ አትግዙ። የ12 ወር የጎብኚ ቁጥር ጠይቁ። ከየት አገር እንደመጡ፣ ስንቱ ሰው ስንቱ ማሽን እንደሆነ ይታይ። ለአንድ ወር ስሙን ወደ እናንተ ድረ ገጽ አዙርልኝና ራሴ ልቁጠር በሉት። ሻጩ እምቢ ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ለጠየቃችሁኝ ዩኒየኖች፦ ለጥቅሉ የያዛችሁት በጀት ካለ፣ ከእሱ ትንሿን ቆርጣችሁ የራሳችሁን ስም ለ10 ዓመት አድሱ። የቀረው ለአባላት የምርት መሰብሰቢያ ይዋል፤ ወቅቱ ደርሷል።

ጥያቄ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ለሚመለከተው የሒሳብና የአይቲ ክፍል ሼር አድርጉት። የነገው ዋጋ እንደተለመደው ጠዋት ይለጠፋል። መልካም ገበያ።