ከኮምፒዩተር ወደ ጣውላ፦ ለዲላ የሚሆን የፀሐይ ሰዓት አነዳደፍ

አናጢ ጣውላ ከመቁረጡ በፊት ይለካል፤ ያሰምራል። ንድፉን በኮምፒዩተር ሠርቶ፣ በወረቀት አትሞ ጣውላው ላይ መለጠፍ ይህንኑ ሥራ ይበልጥ ትክክለኛ ያደርገዋል። በዚህ ጽሑፍ የፀሐይ ሰዓትን በምሳሌነት ወስደን የንድፉን አዘገጃጀት እንመለከታለን።

ቬክተር ሥዕል ምንድን ነው?

ፎቶግራፍ በኮምፒዩተር ውስጥ የሚቀመጠው ፒክስል በሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች ስለሆነ ሲጎላ ጠርዙ ይሻክራል። ቬክተር ሥዕል ግን የሚቀመጠው በቁጥርና በቀመር ነው፤ በየትኛውም መጠን ቢታተም መስመሩ ጥርት ያለ ነው። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ የሚሰራጨው ኢንክስኬፕ የተባለው ፕሮግራም የእያንዳንዱን መስመር ቦታ በሚሊሜትር ለመወሰን ያስችላል።

የራሳችን ንድፍ ለምን ያስፈልጋል?

ለንደን በ51.5 ዲግሪ፣ ዲላ ደግሞ በ6.4 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ስለሚገኙ የአንዱ የፀሐይ ሰዓት ለሌላው አያገለግልም። የተለመደውን አግድም ሰዓት ለዲላ ብናሰላው እንኳ ከቀትር እስከ 10 ሰዓት ያሉት መስመሮች በ11 ዲግሪ ውስጥ ይታጨቃሉ። ለእኛ የሚሻለው ገጹ ከምድር ዛቢያ ጋር ትይዩ የሆነ ሰዓት ነው። በዚህ ሰዓት መስመሮቹ እርስ በርስ ትይዩ ናቸው፤ ርቀታቸውም እንደሚከተለው ይሰላል፦

ርቀት = የጥላ ጣዩ ከፍታ × የሰዓት ማዕዘን ታንጀንት

ምድር በ1 ሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች። ከፍታው 40 ሚ.ሜ. ከሆነ ርቀቶቹ 10.7፣ 23.1፣ 40.0 እና 69.3 ሚ.ሜ. ይሆናሉ።

የአሠራር ቅደም ተከተል

1. ጥላ የሚጥለውን ጣውላ ውፍረት አስቀድመን እንለካለን። 12 ሚ.ሜ. ነው እንበል። ጠዋት የጥላው ዳርቻ የሚመጣው ከምዕራባዊው ጠርዝ፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ ከምሥራቃዊው ነው። ስለዚህ መካከል ላይ 12 ሚ.ሜ. የሚራራቁ ሁለት መስመሮች አስምረን፣ 5፣ 4፣ 3 እና 2 ሰዓትን ከግራው መስመር ወደ ግራ፣ 7፣ 8፣ 9 እና 10 ሰዓትን ከቀኙ ወደ ቀኝ እንለካለን።

2. በንድፉ ጥግ 100 ሚ.ሜ. የሆነ መፈተሻ መስመር እንጨምራለን። ብዙ ፕሪንተሮች ሥዕሉን ከገጹ ጋር ለማስማማት ያሳንሱታል። ወደ 96 በመቶ ቢያንስ 69.3 የነበረው 66.5 ይሆናል፤ የ10 ሰዓቱ ምልክትም 4 ደቂቃ ያህል ይሳሳታል። መፈተሻው በማስመሪያ 100 ካልሞላ ወረቀቱ ጣውላ ላይ አይለጠፍም።

3. ወረቀቱን በተላገ የዋንዛ ጣውላ ላይ በኮላ ለጥፈን መስመሮቹን በወስፌ እንወጋለን፤ ከዚያም ወረቀቱን እንልጣለን። ጥላ ጣዩን መካከል ላይ እናቆማለን። ገጹ 200 ሚ.ሜ. ርዝመት ካለው ሰሜናዊ ጫፉን በ22.3 ሚ.ሜ. ከፍ እናደርጋለን።

ንባቡ

ጥላው 6 ሰዓት ሲል የእጅ ሰዓታችን በአማካይ 6 ከ27 ይላል። ይህ የአናጢው ስህተት አይደለም። የአገራችን ሰዓት የሚቆጠረው በ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ሲሆን ዲላ 38.3 ላይ ትገኛለች፤ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ፀሐይ 4 ደቂቃ ትዘገያለች። በዓመቱ ውስጥ እስከ 16 ደቂቃ የሚደርስ ተጨማሪ ልዩነትም አለ።

ከዲላ እስከ ይርጋ ጨፌ ያለው የኬክሮስ ልዩነት ከግማሽ ዲግሪ ያነሰ ስለሆነ ይኸው ንድፍ ለጌዴኦ ዞን ትምህርት ቤቶች ያገለግላል። ተማሪዎች ሠርተው እንዲፈትሹት እንጋብዛለን፤ የእጅን ስህተት ከተፈጥሮ ልዩነት መለየት የፊዚክስ ትምህርት አንዱ ዓላማ ነውና።