የቴሌቪዥን ሣጥንና በውስጡ የሚከተት ብራውዘር

ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን በውስጡ ያለውንም መመርመር ይገባዋል። ከቴሌቪዥን ጋር ተገናኝተው ፊልምና ሙዚቃ የሚያቀርቡ ትንንሽ ሣጥኖች በየሱቁ በሚሸጡበት በዚህ ጊዜ፥ «ብራውዘር አለው» የሚለው ቃል ገዢን የሚስብ ሆኖአል። ስለዚህ ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነና ሻጩን በምን ኀላፊነት እንደሚያስገባው ጠንቅቆ ማወቅ ይጠቅማል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ለእንዲህ ያለው አገልግሎት ከታወቁት ሶፍትዌሮች አንዱ ኮዲ ነው። ኮዲ በ2002 ዓ.ም. ኤክስቦክስ ለተባለው የማይክሮሶፍት የጨዋታ መሣሪያ ተጀምሮ፥ ኤክስ ቢ ኤም ሲ ሲባል ከቆየ በኋላ በ2014 ዓ.ም. የአሁኑን ስሙን አገኘ። ምንጩ ክፍት ስለሆነ ማንም ወስዶ ሊያሻሽለው ይችላል። ይሁን እንጂ ፊልም፥ ሙዚቃና ፎቶግራፍ በሥርዓት አሰናድቶ እንዲያቀርብ የተሠራ እንጂ ድረ ገጽ እንዲከፍት የታሰበ ስላልሆነ፥ ከራሱ ጋር የተፈጠረ ብራውዘር የለውም።

ብራውዘርን ከእንዲህ ያለ ሶፍትዌር ጋር ለማገናኘት ሦስት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው፥ ሶፍትዌሩ በሣጥኑ ላይ ያለውን ሌላ ብራውዘር አስነሥቶ ራሱ ለጊዜው ገለል ማለቱ ነው፤ ይህ ቀላል ቢሆንም በሽግግሩ መልኩም የሪሞቱም አሠራር ይለወጣል። ሁለተኛው፥ ለእያንዳንዱ ድረ ገጽ ልዩ ተቀጥላ ጽፎ የሚፈለገውን ቪዲዮ ብቻ መሳብ ነው፤ ይህም ፈጣን ሲሆን ድረ ገጹ አሠራሩን በለወጠ ጊዜ ተቀጥላው ከሥራ ውጭ ይሆናል። ሦስተኛውና ከባዱ፥ የብራውዘሩን ሞተር እንዳለ በሶፍትዌሩ ውስጥ መክተት ነው። ለዚህ ተግባር በ2008 ዓ.ም. የተጀመረውና በጉግል ክሮሚየም ላይ የተመሠረተው ሲ ኢ ኤፍ የታወቀ ነው፤ ሞተሩ ገጹን በሜሞሪ ላይ ይሥላል፥ አስተናጋጁ ሶፍትዌርም ሥዕሉን ተቀብሎ በራሱ ማሳያ ላይ ያወጣዋል።

የዚህ ሦስተኛ መንገድ ችግር በሦስት ነገር ይታያል። አንደኛ፥ ዘመናዊ ብራውዘር ራሱ ግዙፍ ሥራ ስለሆነ ሜሞሪው አነስተኛ የሆነውን ርካሽ ሣጥን ያዳክመዋል። ሁለተኛ፥ ድረ ገጽ በአብዛኛው ለማውስ፥ ለኪቦርድና ለንክኪ የተሰናዳ ሲሆን፥ በሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው በእጁ የያዘው ባለ ቀስት ሪሞት ብቻ ነው። ሦስተኛውና ዋናው፥ ብራውዘር ከማይታወቅ ሰው የመጣን ፕሮግራም የሚቀበል በር ስለሆነ ቀዳዳው ያለማቋረጥ መደፈን አለበት። ሥራው ምን ያህል ፋታ እንደማይሰጥ ለመረዳት፥ ጉግል በ2021 ዓ.ም. የክሮምን አዳዲስ እትሞች ማውጫ ጊዜ ከስድስት ሳምንት ወደ አራት ሳምንት ማሳጠሩን ማስታወስ ይበቃል። ሞተሩን የከተተ ሁሉ ይህን ሩጫ አብሮ መሮጥ ግዴታው ነው።

የቦክሲ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። ቦክሲ የተባለው ኩባንያ በኤክስ ቢ ኤም ሲ ላይ ተመሥርቶ የራሱን ሶፍትዌር ሠራ። በ2009 ዓ.ም. «ሁሉ» የተባለው የአሜሪካ ቪዲዮ አቅራቢ፥ የዝግጅቶቹ ባለቤቶች ስለጠየቁት፥ ዝግጅቶቹ ከቦክሲ እንዲወጡ አደረገ። ቦክሲም በሞዚላ ሥራ ላይ የተመሠረተ ብራውዘር በሶፍትዌሩ ውስጥ ከትቶ መንገዱን ሊከፍት ሞከረ፤ ክርክሩም በ2010 ዓ.ም. እስከ አሜሪካ ምክር ቤት ደረሰ። በዚያው ዓመት ዲ ሊንክ የሠራው የቦክሲ ሣጥን ብራውዘር ይዞ ለገበያ ቀረበ። በ2012 ዓ.ም. ግን ሌላ ሣጥን ተተካ፥ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ሳምሰንግ ኩባንያውን ገዛው። የፊተኛውን ሣጥን የገዙ ሰዎች ዕቃው ሳይሰበር አዳሽ ያጣ ብራውዘር በእጃቸው ቀረ።

ከዚህ ለአስመጪና ለባለሱቅ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ትእዛዝ ከመስጠት አስቀድሞ የብራውዘሩ ሞተር የትኛው እንደሆነ፥ እድሳቱን ማን እስከ መቼ እንደሚያቀርብ ከአምራቹ በጽሑፍ መቀበል ያሻል። የናሙናውን ሣጥን በሪሞት ብቻ መሞከር፥ የአማርኛ ድረ ገጽም ከፍቶ ማየት ይገባል፤ የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 ዓ.ም. ዩኒኮድ ውስጥ ቢገባም፥ ፊደሉ ያልተጫነበት ሣጥን በቃላት ፈንታ ባዶ አራት ማዕዘን ያሳያል። ኮዲ የሚታደለው በጂ ፒ ኤል ፈቃድ ስለሆነ፥ አሻሽሎ የሚሸጥ ሰው ምንጩን ለገዢ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ አስመጪውም ይህን ከአምራቹ አስቀድሞ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ብራውዘር እንደ ሣጥኑ ቀለም አንድ ጊዜ ተቀብቶ የሚተው ሳይሆን፥ እንደ ሣር ክዳን በየክረምቱ መታየት ያለበት ነው። ይህን ዐውቆ የሚሸጥ ባለሱቅ፥ ደንበኛው ከዓመት በኋላ ሲመለስ በወቀሳ ሳይሆን በሌላ ግዢ ያገኘዋል።