ጥምር ዜግነት ምን ይሰጣል? ምንስ ያሳጣል?



ለማስተማር ልምምድ በወጣሁበት ትምህርት ቤት አንድ የ5ኛ ክፍል ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ እኔ የተወለድኩት አሜሪካ ነው፤ እናቴም አባቴም ግን ኢትዮጵያውያን ናቸው። ታዲያ እኔ የየት አገር ዜጋ ነኝ?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ሳላመነታ «የሁለቱም! ታድለሃል» አልኩትና ወደ ሰሌዳዬ ዞርኩ። መልሴ ጎዶሎ እንደነበረ የገባኝ ማታ አዋጁን ሳነብ ነው።

ጥምር ዜግነት ማለት የሁለት አገሮች ሕግ አንድን ሰው በአንድ ጊዜ «ዜጋዬ ነው» ሲሉት ነው። አንዳንዱ ፈልጎ ያገኘዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሳይጠይቅ ይወለድበታል። ይህን ተማሪ አሜሪካ በምድሯ በመወለዱ ዜጋዋ አደረገችው። በእኛ ሕግ ደግሞ ዜግነት የሚተላለፈው በወላጅ ነው፤ እናት ወይም አባት ኢትዮጵያዊ ከሆነ ልጁም ኢትዮጵያዊ ነው።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ይመጣል። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት እንዲህ ያለው ልጅ ለአካለ መጠን በደረሰ በ1 ዓመት ውስጥ ሌላውን ዜግነት ትቶ ኢትዮጵያዊ ሆኖ መቀጠል እንደሚፈልግ ካላስታወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። ዝም ማለቱ መልስ ሆኖ ይወሰድበታል ማለት ነው። አዋቂ ሰውም ወዶ የሌላ አገር ዜግነት ከወሰደ የኢትዮጵያን ያጣል። ይህ የዛሬ ነገር አይደለም፤ የ1922ቱ የዜግነት ሕግም እንዲሁ ይል ነበር።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ጥምር ዜግነት በሚፈቀድበት አገር ሰውየው እናቱ ብትታመም ቪዛ ሳይለምን ይገባል፣ በሁለቱም አገር ይሠራል፣ ይመርጣል። የእኛ አገር ይህን በከፊል የሚተካ ነገር አበጅታለች፤ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የመጣው፣ ሕዝቡ «ቢጫ ካርድ» የሚለው መታወቂያ ነው። ባለካርዱ ያለ ቪዛና ያለ ሥራ ፈቃድ ይኖራል፣ ቤትም ይኖረዋል። ምርጫ ሲመጣ ግን ጎረቤቱ ሲሰለፍ እሱ ቆሞ ያያል፤ በመከላከያ፣ በጸጥታና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶችም አይቀጠርም።

ጉዳቱስ? አሜሪካ ዜጋዋ የትም ይኑር የገቢ ግብር መግለጫ ትጠይቀዋለች። እስራኤል ባለሁለት ዜግነቱንም ለውትድርና ትጠራለች። እ.ኤ.አ. በ1930 የወጣው የሄግ ስምምነት እንደሚለውም፣ አንደኛው አገር ቢበድልህ ሌላኛው ስለአንተ ሊከራከርለት አይችልም።

የከፋው ግን ጦርነት ሲመጣ ነው። በ1990–1992ቱ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ጊዜ፣ በ1985 ለኤርትራ ሪፈረንደም የተመዘገቡ ብዙ ኢትዮጵያውያን ዜግነታቸውን ተነጥቀው ተባረሩ። የሁለቱ አገሮች የካሣ ኮሚሽን በታህሳስ 1997 በሰጠው ውሳኔ ሰዎቹ ባለሁለት ዜግነት እንደነበሩ አረጋገጠ፤ በጸጥታ ማጣሪያ ሳያልፉ ዜግነታቸውን የተነጠቁት ግን ያለአግባብ ተነጥቀዋል አለ። ውሳኔው ሲመጣ ቤተሰብ ከተበተነ ዓመታት አልፈው ነበር።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ አዋቂው ምርጫውን አውቆ ያድርግ፤ ለልጅ ግን 1 ዓመት አጭር ነው። ያውም ቀነ ገደቡን የሚነግረው ሰው ካለ አይደል!

በማግስቱ ተማሪውን ፈልጌ ነገርኩት። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። «እስከ 18 ስንት ቀረኝ?» አለኝ። «ሰባት» አልኩት። ደብተሩ ጀርባ ላይ ጻፈው።