ዓሣን ሳይጎዱ መለካት

«የሥነ ጽሑፍ ተማሪን ከዓሣ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ያገናኘኝ የገዛ ጥፋቴ ነው። ገንዳው ይበቃት እንደ ሆነ ለማወቅ ብዬ አንዲት ወርቃማ ዓሣ ከውሃ አውጥቼ በደረቅ ጨርቅ ላይ አጋደምኋት። ስትፈራገጥ ቁጥሩን እንኳ ለማንበብ አልቻልሁም። በሳምንቱ ገላዋ ቆስሎ ሞተች።

ምክንያቱን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። የዓሣን ገላ የሚሸፍነው ዝልግልግ ነገር ከበሽታ ይጠብቀዋል፤ ደረቅ እጅና ደረቅ ጨርቅ ግን ይገፍፉታል።

እንግዲህ ዓሣውን ከነውሃው ጎኑ ዝርግ ወደ ሆነ ጠባብ የመስተዋት ዕቃ እናዛውረው። ማስመሪያውን ከውጭ በመስተዋቱ ላይ እንለጥፍ። ዓሣው ወደ መስተዋቱ ተጠግቶ ገላው ቀጥ እስኪል ታግሠን፣ ዓይናችንን ፊት ለፊት አድርገን እናንብብ። ውሃ ብርሃንን ስለሚያጥፍ ዓሣው በዓይን ሲገመት ከልኩ ገዝፎ ይታያል፤ ከመስተዋቱ ርቆ ሳለ በማስመሪያው ቢለኩት ደግሞ አጥሮ ይነበባል። መጠጋቱን መጠበቅ ከሁለቱም ስሕተት ያድናል። ሦስት ጊዜ ለክቶ መካከለኛውን ቁጥር መውሰድ ይበጃል።

ከየት እስከ የት ይለካል? ከአፉ ጫፍ እስከ ጭራው ሥር ያለው መደበኛ ርዝመት፣ እስከ ጭራው ጫፍ ያለው ጠቅላላ ርዝመት ይባላል። ጭራ ሊቀደድ ስለሚችል የፊተኛው ይታመናል። የትኛው እንደ ሆነ ሳይገለጽ «8 ሳንቲ ሜትር» ብሎ መጻፍ ግን ምንም አያስረዳም።

ልናውቀው የምንሻውን ፍጡር ገድለን ያገኘነው ቁጥርስ ለማን ይጠቅማል?