ከመክፈላችሁ በፊት ደረጃውን ውጡት

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ጡረታ ወጥተን ነጌሌ ቦረና እንኖራለን። ሰፊው ግቢ ለጉልበታችን ከበደን። መሀል ከተማው አጠገብ የጋራ መገልገያ ያለው አፓርታማ ብንገዛ ይበጀናል?

መልስ፦ ለጡረተኞች ብቻ ተብሎ የሚሸጥ ሕንጻ በአገራችን ገና አልተለመደም። ለሐሳባችሁ የሚቀርበው ኮንዶሚኒየም ነው። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የምትገዙት ክፍሉን ብቻ አይደለም፤ በደረጃው፣ በጣሪያውና በግቢው ላይ ያልተከፋፈለ ድርሻ ይኖራችኋል፤ የጋራ ወጪውንም ትካፈላላችሁ። ስለዚህ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት የሕንጻው ቤት ባለቤቶች ማኅበርን መተዳደሪያ ደንብና የመዋጮ መዝገብ እዩ። መዋጮ የማይሰበሰብበት ሕንጻ ጣሪያው ሲያፈስ የሚያሠራው የለም።

በቆላው ከሁሉ የሚብሰው የውሃ ነገር ነው። ከነጌሌ እስከ ያቤሎና ሞያሌ ዝናቡ በዓመት ሁለቴ፣ በመጋቢት አካባቢና በመስከረም ማግስት፣ የሚጠበቅ ነው፤ አንዱ ከቀረ ችግሩ ቤት ድረስ ይገባል። ቤቱን በየካቲት፣ በደረቁ ወር፣ ሄዳችሁ እዩት። ሮቶው ስንት ሊትር ይይዛል? የፓምፑን መብራት ማን ይከፍላል? የሚነግሯችሁ ነዋሪዎቹ ናቸው፤ ሻጩን አትጠይቁ።

ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየሞች በአብዛኛው ሊፍት የላቸውም። ጉልበት እየደከመ ሲሄድ ሦስተኛ ፎቅ እስር ቤት ይሆናልና ግራውንድ ካልተገኘ አትግዙ እላለሁ።

ካርታው በሻጩ ስም መሆኑንና በባንክ ዕዳ አለመያዙን ከማዘጋጃ ቤት ሳታረጋግጡ ቀብድ አትስጡ። ይህ ሁሉ ካልተሟላ፣ ዋናውን ቤት አከራይታችሁ ሰርቪሱን አድሳችሁ ብትገቡበት፣ ኪራዩ ጡረታችሁን ይደጉማል፤ ከጎረቤታችሁም አትለዩም።