ዓሣና እንቅርት፦ ከኮንትራስት መርፌ በፊት የሚጠየቁ ሁለት ጥያቄዎች

መግቢያ

በሲቲ ስካን ምርመራ የደም ሥሮችና ዕባጮች ከአካባቢያቸው ተለይተው እንዲታዩ አዮዲን ያለበት ኮንትራስት በደም ሥር ይሰጣል። አዮዲን ኤክስሬይን አብዝቶ ስለሚያስቀር፣ መድኃኒቱ የደረሰበት ቦታ በምስሉ ላይ ነጥቶ ይወጣል። ከመርፌው በፊት ታካሚው ጥቂት ጥያቄዎች ይቀርቡለታል። ይህ ጽሑፍ ከጥያቄዎቹ አንዱ መቅረት እንዳለበት፣ ሌላው ግን ለኢትዮጵያ ደጋ ነዋሪ ፈጽሞ ሊዘለል እንደማይገባው ያሳያል።

የዓሣው ጥያቄ

በብዙ አገሮች ቅጾች ላይ የዓሣና የባሕር ምግብ አለርጂ ለረጅም ጊዜ ሲጠየቅ ቆይቷል። መነሻው ሁለቱም አዮዲን አላቸው የሚል ግምት ነው። ይሁን እንጂ የባሕር ምግብ አለርጂን የሚቀሰቅሰው ፕሮቲን እንጂ አዮዲን አይደለም። አዮዲን በጨው ውስጥ ይበላል፤ የታይሮይድ ሆርሞንም ያለ እርሱ አይሠራም። ለኮንትራስት የሚታየው ምላሽ የሚመነጨው ከመድኃኒቱ ሞለኪውል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመና ከ337 ሺህ በላይ ምርመራዎችን ያካተተ የጃፓን ጥናት ይህንን ያጠናክራል። አዮዲን በሁለቱም ዓይነት ኮንትራስቶች ውስጥ ቢኖርም፣ ከባድ ምላሽ በአሮጌው አዮናዊ ኮንትራስት 0.22 በመቶ፣ አዮናዊ ባልሆነው ደግሞ 0.04 በመቶ ነበር። ስለዚህ ሊጠየቅ የሚገባው ታካሚው ቀደም ሲል ኮንትራስት ወስዶ ምን እንደደረሰበት፣ አስም ወይም ከባድ አለርጂ እንዳለበትና የኩላሊቱ ሁኔታ ነው።

የእንቅርቱ ጥያቄ

ዝናብና የአፈር መሸርሸር የደጋውን አፈር አዮዲን አጥበው ይወስዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች 35.8 በመቶ የሚሆኑት እንቅርት እንዳለባቸው አመልክቷል። ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድደው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከዚያ በፊት ያደገ ሰው በአንገቱ የተሸከመው ዕባጭ ግን ጨው ስለተለወጠ ብቻ አይጠፋም።

አዮዲን ለዓመታት ሲያጥር ታይሮይድ ዕጢ ያገኘውን ሁሉ ለመያዝ ይገዝፋል። ከጊዜ በኋላ አንዳንድ አንጓዎቹ ከአንጎል ሥር ካለው ዕጢ ቁጥጥር ወጥተው በራሳቸው መሥራት ይጀምራሉ። በሚሊሊትር 300 ሚሊግራም አዮዲን ያለው 100 ሚሊሊትር ኮንትራስት 30 ግራም አዮዲን ይይዛል፤ ይህም የአንድ አዋቂ ሰው የቀን ፍላጎት ከሆነው 150 ማይክሮግራም 200 ሺህ እጥፍ ነው። ከዚህ ተላቅቆ የሚወጣው ጥቂት ቢሆንም፣ ቁጥጥር የሌለባቸው አንጓዎች ሆርሞን አብዝተው እንዲያመርቱ ሊያደርግ ይችላል። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ብሂል በዚህ ጊዜ ቃል በቃል ሊደርስ ጥቂት ይቀረዋል።

የጊዜ ልዩነቱ

አለርጂ መሰል ከባድ ምላሽ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይታያል። ታካሚው ለ30 ደቂቃ በክትትል ሥር ከቆየና አድሬናሊን ዝግጁ ከሆነ ባለሙያው ሊደርስለት ይችላል። የሆርሞኑ መብዛት ግን ከሳምንታት በኋላ ይመጣል። ከእንጦጦ ተዳፋት ወደ የካ ወርደው የተመረመሩ አንዲት እናት ልባቸው ሲመታ፣ እጃቸው ሲንቀጠቀጥና ሰውነታቸው ሲከሳ ቤታቸው ናቸው እንበል። ሕመሙን ከወር በፊት ከተወጉት መርፌ ጋር የሚያያይዝላቸው አይኖርም። በዕድሜ በገፉት ላይ ደግሞ የልብ ምት መዛባትን ሊያስከትል ይችላል።

ማጠቃለያ

እንቅርት ያለበት ሁሉ ኮንትራስት ይከልከል ማለት አይደለም፤ የአብዛኞቹ ምርመራ በሰላም ይጠናቀቃል። የሆርሞን መብዛት በግልጽ ለታየበት ግን፣ ሕይወት አድን ምርመራ ካልሆነ በቀር፣ አዮዲናማ ኮንትራስት አይሰጥም። አንጓ ያለበት እንቅርት ላለባቸው፣ በተለይም ለአረጋውያን፣ የታይሮይድ ምርመራ አስቀድሞ ቢደረግ፣ ምልክቶቹ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ቢነገሩና የመርፌው ቀን በካርዳቸው ላይ ቢጻፍ ዘግይቶ የሚመጣው ሕመም ምንጩ ይታወቃል። የዓሣው ጥያቄ ከቅጹ ሲወጣ፣ በተለቀቀው መስመር ላይ የአንገት ዕባጭ ቢጠየቅ ለታካሚውም ለሐኪሙም ይጠቅማል። ለጥያቄው መልስ ለማግኘት መሣሪያ አያስፈልግም፤ አንገትን ማየትና በእጅ መዳሰስ ይበቃል።