ነፋሱን የማሽተት ቀን፦ ለካርቱም ተማሪዎቻችን የተዘጋጀ የቅርስ ጉዞ ትምህርት



በ2015 ዓ.ም. ካርቱም ሳለን ለሻም ኤል ነሲም በዓል የቅርስ ጉብኝትና ሽርሽር አዘጋጅተንላችሁ ነበር። ቀኑም ሰኞ፣ ሚያዝያ 9 ነበር። ጦርነቱ የተነሣው ቅዳሜ ሚያዝያ 7፣ በፋሲካ ዋዜማ ነው። ጉዞው ቀረ፤ እናንተም ከየቤተሰቦቻችሁ ጋር በየአገሩ ተበተናችሁ። ትምህርቱ ግን አብሮ መቅረት የለበትምና በዚህ የዓመት መጽሐፍ እናቀርብላችኋለን።

በዓሉ ምንድን ነው?

ሻም ኤል ነሲም በዐረብኛ «ነፋሱን ማሽተት» ማለት ነው። በግብፅ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድነት ያከብረዋል፤ በሱዳንም ይታወቃል። ቤተሰብ ማልዶ ወደ ወንዝ ዳርና ወደ መናፈሻ ይወጣል። በጨው የቆየ ዓሣ፣ ቀለም የተቀባ እንቁላል፣ ሰላጣና ለጋ ሽንኩርት ይበላል።

ቀኑ እንዴት ይታወቃል?

በዓሉ ሁልጊዜ በግብፅ ኦርቶዶክስ ፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ ቀን ይውላል። የእነርሱና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ፋሲካ አንድ ቀን ስለሆነ፣ በዓሉ ማዕዶት ከምንለው ሰኞ ጋር ይገጥማል። እንግዲህ በባሕረ ሐሳብ ፋሲካን ማውጣት የሚችል ተማሪ የጎረቤቱንም በዓል ያወጣል ማለት ነው።

ስለ ወቅቱም አንድ ነገር እናስታውስ። በተለምዶ ጸደይ የምንለው አደይ አበባ የሚፈነዳበትን ጊዜ ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ግን ያ መፀው ሲሆን፣ ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው። በዚህ አቆጣጠር ሻም ኤል ነሲም ምንጊዜም ከጸደይ አይወጣም።

ምን ልናይ ነበር?

አንደኛ፣ በዓባይ ዳር ጎዳና ያለውን የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም። ሙዚየሙ የተከፈተው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። በግቢው የአስዋን ግድብ ውኃ እንዳያሰጥማቸው ከኑብያ ተነቅለው የመጡ ጥንታዊ ቤተ መቅደሶች ቆመዋል። ከፋራስ ካቴድራል ከመጡት የግድግዳ ሥዕሎች አንዱ ሠለስቱ ደቂቅን በእሳት መካከል ከመልአኩ ጋር ያሳያል። ታኅሣሥ 19 ታሪካቸውን የምትሰሙ ልጆች ማንም ሳያስረዳችሁ ታውቋቸው ነበር። ሙዚየሙ በጦርነቱ ወቅት ተዘርፏል።

ሁለተኛ፣ ሙግራንን፤ ትርጉሙ መገናኛ ነው። ከጣና የሚነሣው ዓባይና ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚመጣው ነጭ ዓባይ የሚገናኙት እዚያ ነው። የአገራችሁ ውኃ የምትኖሩበትን ከተማ እንዴት እንደሚያጠጣ በዓይናችሁ ታዩት ነበር።

ሦስተኛ፣ ማዕዱን። ጊዜው ረመዳን ስለነበር ጉብኝቱን ለጠዋት፣ ምግቡን ግን ከጀምበር መጥለቅ በኋላ አድርገነው ነበር። የጾሙት ጓደኞቻችሁ ሲያፈጥሩ፣ ፋሲካን የፈታችሁት ዳቦና እንቁላላችሁን ይዛችሁ አብራችኋቸው ልትቀመጡ ነበር። አንዱ ጿሚ ሳለ ሌላው ፊቱ ቢበላ በዓሉ በዓል አይሆንም።

የቤት ሥራ

፩. የመጪውን ዓመት ማዕዶት በባሕረ ሐሳብ አውጡ፤ ሻም ኤል ነሲም መቼ እንደሚውል ጻፉ።

፪. አሁን በምትኖሩበት ከተማ ያለ አንድ ቅርስ ጎብኙ፤ ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ነገር ካለ ፈልጉ።

፫. ወላጆቻችሁን ወይም ታላላቆቻችሁን ስለ ካርቱም ጠይቁ፤ የሰማችሁትን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ላኩልን።

ሦስተኛውን አደራ እንላለን። የተዘረፈ ዕቃ አንድ ቀን ሊመለስ ይችላል፤ ሳይጻፍ የተረሳን ነገር ግን የሚመልሰው የለም።